የሃያ ደቂቃ ሜዳ መንገድ

ከቤተሰባችን ስዊዘርላንድን የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚስቴ ወንድም። እንዴት አወቃት ብትሉ፣ ኖርዌይ ከመግባቱ በፊት ሰባት ወር የስደተኞች መቀበያ ካምፕ ውስጥ ተቀምጦባታል። ካምፑ ሐዲድ ዳር ነበር፤ በመስኮት ባቡር ሲያልፍ ያያል። በቃ፣ እውቀቱ ይኸው ነው። ታስሮ የተፈታ ሰው የከተማው አስጎብኚ ልሁን ሲል ያየሁት በእሱ ነው።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ ጀምሮ ልጄና አጎቷ እሑድ እሑድ እኛ ቤት፣ ኦስሎ ሮመን ሰፈር፣ ይሰበሰቡ ነበር። ጉዳዩ የበጋ ዕረፍት ነው። ነገሩን ያነሣችው ልጄ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ናት፣ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከቤቴ የወጣችው ተኳርፈን ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ መጣችና ኮቷን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ አባዬ፣ ዘንድሮ ስዊዘርላንድ እወስዳችኋለሁ» አለች። አጎቷና ባልደረባዋ ይጨመራሉ፤ አምስት መሆናችን ነው።

ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል፤ አፌ የለመደው ሌላ ነው። ልቤ ግን ዘለለች ብል አልዋሽም።

ከዚያ ዕቅድ የሚሉት ነገር መጣ። ሰው ለማረፍ ብሎ እንዲህ ሲደክም አይቼ አላውቅም። ልጄ ኮምፒዩተሯ ላይ ሠንጠረዥ ሠራች፤ አረንጓዴው ሐይቅ ነው፣ ቢጫው ባቡር፣ ሰማያዊው ተራራ። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለሱን «ዳግስቱር» ይሉታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት ነገር ነው፤ ሥራ መሄድ እለው ነበር። አምስት ዳግስቱር አሰቡ። አንዱን ቀን በመርከብ ሐይቁን መዞር፣ አንዱን ቀን ጥርስ ባለው ሐዲድ ሽቅብ በሚወጣ ባቡር መንጠልጠል፣ አንዱን ቀን ደግሞ አይብ ቤት ገብቶ አይብ ሲሠራ ማየት። ወተት ሲረጋ ቆሞ ለማየት አገር ማቋረጥ! የአይብ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አንዲት ላም የድስት ክዳን የሚያህል ደወል አንገቷ ላይ ታስሮላት ትስቃለች። የሚስቅ ከብት አይቼ አላውቅም፤ እነሱ ግን ፎቶ አንስተውታል።

ከግሮሩድ ጀርባ ጫካ አለ፤ ጫካው ውስጥ ሐይቅ አለ። ከቲ-ባነው፣ ከከተማው ባቡር፣ ወርዶ በእግር ይደረሳል። የአገሬ ሰዎች እዚህ ሰፈር ስንትና ስንት ዓመት ስንኖር ያንን ሐይቅ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። ደጃፋችን ያለውን ሳንረግጥ የሌላውን አገር ተራራ በቀለም እናሰምራለን።

«ጋሼ፣ እዚያ አገር እኮ ባቡር አንድ ደቂቃ አይዘገይም» አለኝ የሚስቴ ወንድም።

«አንተን ግን ሰባት ወር አዘግይቶሃል።»

ሚስቴ ከወጥ ቤት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቆርበህ የመጣህበት ቀን ነው፤ አፍህን ሰብስብ!» አለች። ልጄ አልሳቀችም። ዓይኗ ሠንጠረዡ ላይ ነው።

«ከዚያ፣ ተራራው ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን» አለች። «በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ሳጥን ነው የሚወጣው። ላይ ማረፊያ ቤት አለ። እኔ፣ ጓደኛዬና አጎቴ እንወጣለን። እናንተ ደግሞ ከተማው ውስጥ ታርፋላችሁ።»

«እኛስ ለምን?» አለች እናቷ።

«ከሳጥኑ ከተወረደ በኋላ ገደል ነው፣ እማዬ። ሁለት ሰዓት ሽቅብ። ያንቺ ጉልበት አለ፣ የአባዬ ወገብ አለ…»

«አዎ፣ አዎ» አለ የሚስቴ ወንድም። «የስዊስ ተራራ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

በመስኮት ነው ያወቀው። ሠንጠረዡን አየሁት። በእነዚያ ሁለት ቀናት በእኔና በሚስቴ ስም ሥር አመድማ ሣጥን ተሠርቶ «ዕረፍት» የሚል ተጽፎበታል። ሁለት ሌሊት ከልጄ ጋር አንድ ጣራ ሥር ካደርኩ ስንት ዓመቴ? እኔ ለስዊዘርላንድ የተነሣሁት ለላሟ ደወል አልነበረም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ መኪናን በቀለሙ፣ ከተማን በሽታው ነበር የማውቀው። ኦስሎ ስገባ ቲ-ባነው ላይ የምሄደው ፌርማታ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ቀን ባቡሩ በጥገና ምክንያት አንዱን ፌርማታ ዘለለና የማላውቀው ሰፈር ወርጄ ግማሽ ቀን ዞርኩ። በኋላ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙነው፣ ለጎልማሶች ባዘጋጀው ክፍል የነሱን ፊደል ተማርኩ፤ ከዚያ በቁጭት አንድ ዲያቆን ለምኜ የራሴን ሀሁ።

እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የምታነብልኝ ልጄ ነበረች፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ። የሐኪም ቀጠሮ፣ የቤት ኪራይ፣ ከራሷ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ጭምር። በልጁ ዓይን የሚያይ ሰው ልጁ ያሳየችውን ነው የሚያየው።

ስለዚህ ዛሬ ማንም እንዲያነብልኝ አልፈቅድም። ከሕፃንነታቸው የተማሩ ሰዎች ደግሞ ማንበብ አይችሉም፤ ይኼን በድፍረት እናገራለሁ። ወረቀቱን ከላይ ገረፍ ያደርጉትና «ገባኝ» ይላሉ። እኔ የሳሙና ካርቶን እንኳ ሳነብ እስከ ታችኛው ደቃቃ ጽሑፍ እወርዳለሁ። አለቃዬ «እዚህ ፈርም» ሲለኝ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ ሰዓቱን ያያል፣ እኔም እንዲያይ እተወዋለሁ።

ማንበብ የቻልኩ ሰሞን የድሮ ደብዳቤዎች ያሉበትን ካርቶን አወረድኩና አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ቂሙን እንደሚቆጥር ሰው። አንዱ ከልጄ ትምህርት ቤት የመጣ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ሳለች። ክፍሉ ተራራ ላይ ወዳለ ሂተ ሊሄድ ነው ይላል። ሂተ ማለት ኖርዌጂያኖች እንደ ታቦት የሚያከብሩት የእንጨት ጎጆ ነው፤ ከከተማ ሞቅ ያለ ቤታቸው ወጥተው ውኃ በባልዲ ለመቅዳት የሚሄዱበት። ሁለት ሌሊት ይታደራል፤ «ወላጆችም አብረውን ቢያድሩ በጣም ደስ ይለናል» ይላል ወረቀቱ። ልጄ ያኔ ያነበበችልኝ ይህን አልነበረም። «ልጆች ብቻ ናቸው የሚሄዱት፤ ወላጅ አይፈቀድም» ነበር ያለችኝ። በጠዋት ትምህርት ቤቱ ደጅ ሳደርሳት የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሻንጣ አዝለው ቆመው ነበር። ጭነው የሚመለሱ መስሎኝ ዕቃ አቀበልኳቸው፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም ቢሆን።

እንግዲህ ልጄ «ገደል ነው» ስትል የድምፅዋን አወራረድ አውቀዋለሁ። «የማረፊያ ቤቱን የድረ ገጽ አድራሻ ላኪልኝ» አልኳት። «ምን ያደርግልሃል? በጀርመንኛ ነው» አለች። «ላኪልኝ» አልኩ። ላከች።

ስልክ ጀርመንኛውን ወደ ኖርዌይኛ ይገለብጠዋል። የማጸዳው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለእኛ ለጽዳቶች የተሰጠች ክፍል አለች፤ በምሳ ሰዓት እዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ምስጋናቸውን በሙሉ አነበብኩ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ዝምታው ነፍስን ያክማል፣ ፀሐይዋ ስትወጣ እንዲህ ናት። ፀሐይን የነሱ ተቀጣሪ አድርገዋታል። የእራቱን ዝርዝር አነበብኩ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ በድስት የቀለጠ አይብ ከዳቦ ጋር፣ በማግስቱ ድንች በአይብ። ምድረ አይብ! የመጨረሻው ሳጥን ስንት ሰዓት እንደሚወርድ አነበብኩ። ከዚያ ከታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ እንዴት እንደሚደረስ ተጽፏል፦ ከላይኛው ጣቢያ ሃያ ደቂቃ፣ ሜዳ መንገድ፣ የሕፃን ጋሪ ያስኬዳል።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ስልኩ አሳስቶ ገልብጦት እንደሆነ ብዬ አብሮኝ የሚያጸዳውን ጀርመንኛ የሚያውቅ ፖላንዳዊ አስነበብኩት። «የሕፃን ጋሪ» አለ እሱም።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተሰበሰቡ። የሚስቴ ወንድም ገና ጫማውን ሳያወልቅ ማስጎብኘቱን ጀመረ። «ተራራው ላይ ማታ ማታ አይብ በድስት ቀልጦ ይቀርባል፤ በሹካ ዳቦ እየነከርክ ነው የምትበላው፣ እትዬ» አለ እህቱን።

«መቼ ነው ተራራው?» አለች ሚስቴ።

«ኡከ 33» አለች ልጄ።

በዚህ አገር ወር የሚባል ነገር የለም፤ ሳምንቱን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ሚስቴ አረጋውያንን ቤት ለቤት ነው የምትረዳው፤ ፈቃዷንም ለአለቃዋ የጠየቀችው በጥር ወር «ኡከ 32 እና 33» ብላ ነው። እሱም ጻፈ፤ እሷም ጻፈች፤ ልጄም ሠንጠረዡ ላይ አሰፈረች። ሚስቴ ጾም በየትኛው ቀን እንደሚገባ ተኝታ ብትጠየቅ የምትናገር ሴት ናት። በቁጥሩ ግን ተሸወደች። አሁን ተነሥታ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በጣቷ ወረደችበት።

«ውይ በስመ አብ! ፍልሰታ!»



«ፍልሰታ እኮ ነው! ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል። እኔ የእመቤቴን ጾም አይብ ድስት ፊት ቁጭ ብዬ?»

«እትዬ፣ መንገደኛ ጾም የለበትም እኮ» አለ ወንድሟ።

«አንተ መንገደኛ ሳትሆንም የለብህም» አልኩት።

«የንስሐ አባቴ ጋ እደውላለሁ» አለች ሚስቴ።

«ለአይብ ፈቃድ ልትጠይቂ? ካህኑ ይኼን ሰምቶ ይሙት።»

«ለአይብ አይደለም! ለመሄዱ ነው! አንተ ደግሞ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመህ ታነባለህ፤ ይኼን ሳታየው ቀረህ?»

እውነቷን ነው። አይቡን አይቼ ጾሙን አላየሁም። የመንገዱ ነገር ዓይኔን ጋርዶት ነበር።

ልጄ ግን ፊቷ ቀለል ሲለው አየሁ። ጾሙ የሰማይ እርዳታ ሆኖ የመጣላት ይመስል። «እንግዲያ ችግር የለም» አለች። «ለማንኛውም እናንተ ወደ ላይ አትወጡም። ከተማው ውስጥ የያዝኩላችሁ ቤት ኩሽና አለው፤ ሽሯችሁን ትሠራላችሁ።»

«ሃያ ደቂቃ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«መንገዱ። ከላይኛው ጣቢያ ሃያ ደቂቃ። ሜዳ ነው። የሕፃን ጋሪ ያስኬዳል። ሁለት ሰዓት ሽቅብ የሚል ቦታ የለም፤ ሦስት ቀን ፈልጌዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ድረ ገጽ እኮ ሁልጊዜ…»

«አንተ ዝም በል!»

ልጄ ቀላች። «አነበብከው?»

«እስከ ታች። የአራተኛ ክፍሉንም ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ወላጆች ቢያድሩ ደስ ይለናል የሚለውን።»

«የምን ደብዳቤ?» አለች ሚስቴ።

ልጄ መጀመሪያ በኖርዌይኛ ጀመረች፤ ስትናደድ በዚያ ነው የምትናደደው። ከዚያ ሆን ብላ ወደ አማርኛው መጣች። «ፊደል ስለማታውቅ ያፈርኩብህ መስሎህ ነው አይደል? የክፍሌ ልጆች ወላጆች ግማሹ ኖርዌይኛ አያነቡም ነበር። እኔ የፈራሁት አፍህን ነው። ያኔ ሂተው ላይ ብትመጣ ምን ትል ነበር? እስቲ ንገረኝ፤ አንተ አትዋሽም አይደል?»

አልዋሽም። «ቤቴ ውኃ ከቧንቧ እየወረደ ጎጆ ውስጥ ላድር አልተሰደድኩም እላለሁ» አልኩ።

«ይኸው! ለአስተማሪዬ ትላታለህ። ከዚያ እኔን ‘ንገሪያት’ ትለኛለህ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ሻይ ስታቀርብልህ ‘የዕቃ እጣቢ ነው በያት’ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ስምንት ዓመቴ ነበር። ‘አባቴ አመሰግናለሁ ይላል’ አልኳት። አንተ ደግሞ ‘አሳጠርሽው፤ ሁሉንም ንገሪያት’ አልከኝ።»

ሻዩ እጣቢ ነበር፤ ያንን ዛሬም እላለሁ። ግን ስድቡ የእኔ፣ አፉ የእሷ ነበር፤ ይህን አስቤው አላውቅም። የሚስቴ ወንድም ካልሲውን ያያል።

ሚስቴ «እኔ እወጣለሁ» አለች። «በሶ እይዛለሁ፣ ቆሎ እይዛለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራራውን አያለሁ፣ ከዚያ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ። ፍልሰታን ተራራ ላይ የጾመ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ሃያ ደቂቃ ሜዳ ነው ካላችሁ ጉልበቴ ያውቅበታል።»

«እኔም እወጣለሁ» አልኩ ለልጄ። «ዝም እላለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም። የማየውን እናገራለሁ። ጓደኛሽም ፊት ቢሆን። ግን አስተርጓሚ አልፈልግም፤ የምሳደበውን በራሴ ኖርዌይኛ እሳደባለሁ። አንቺ ምንም አትያዢልኝ።»

ልጄ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «እንግዲያ ራስህ ሙላው።»

የማረፊያ ቤቱ ቅጽ ነው። የቀረው አንድ ክፍል ብቻ፣ አራት አልጋ። ስም፣ የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሰው። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነው የምፈልጋቸው፤ እየነካሁ፣ እያየሁ። ሦስተኛው ሰው ላይ ስደርስ ገጹ «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ሁሉንም አጠፋው። ነፍስን የሚያክም ዝምታ አለን የሚሉት ሰዎች ለስም መጻፊያ አሥር ደቂቃ አይሰጡም። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና አጠፋው። የሚስቴ ወንድም ጣቱን ሲያስገባ ልጄ «ተወው!» አለችው። እሷ ራሷ እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተቻቸው፤ እንዳይነጥቁኝ መሆኑን አውቄዋለሁ። ባልደረባዋ ሦስቴ ደወለችላት፤ አላነሣችም።

በሦስተኛው ሙከራ መጨረሻው ደረስኩ። ልዩ ምግብ የሚፈልግ ካለ የሚል ሣጥን አለው። በኖርዌይኛ ጻፍኩ፦ «ሁለት ሰዎች ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበሉም። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይበሉም። አልታመሙም።» ልጄ ከትከሻዬ በላይ አነበበች። አንድ ፊደል ተሳስቼ ነበር፤ ተወችው። ላክሁት።

«እኔስ፣ ጋሼ?» አለ የሚስቴ ወንድም። አራቱ ሰዎች እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጄና ባልደረባዋ ነበርን።

«አጎቴ፣ አንተ አትጾምም» አለችው ልጄ። «ከተማ ቀርተህ አይብህን ብላ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ። «ይኼ ምላስ ከየት መጣ?»

ማንም አልነገራትም።

ማክሰኞ ዕለት ምድር ቤት ምሳዬን ስበላ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። የማረፊያ ቤቱ መልስ በጀርመንኛ እንዳለ አስተላልፋልኛለች፤ አልገለበጠችውም፣ ምን እንደሚል አልጻፈችም፣ ከሥሩ አንድ ቃል የለም። ሙሉውን አነበብኩት። ጥያቄያችሁ ደርሶናል፤ እንዲህ የሚጾም እንግዳ መጥቶብን አያውቅም፤ በሁለቱም ቀን በዘጠኝ ሰዓት ያለ ቅቤና ያለ ወተት የድንች ሾርባ እንሠራላችኋለን ይላል።

ድንች። ድንች ለመብላት ስዊዘርላንድ ድረስ፤ በባቡር፣ በሽቦ፣ በእግር።

«ድንች ነው» ብዬ ለልጄ ጻፍኩላት።

«አዎ፣ አባዬ» ብላ መለሰች። «እኔ ምን አገባኝ፤ በራስህ ኖርዌይኛ ንገራቸው።»

ጻፍኩላቸው። ድንች የበቅሎ እንጂ የሰው ምግብ አይደለም አልልም፤ ግን ጨውና ነጭ ሽንኩርት ካልገባበት ሾርባ ብላችሁ አትጥሩት፣ ሙቅ ውኃ በሉት፤ ሚጥሚጣውን እኛ ይዘን እንመጣለን ብዬ።